ያልተቆጠሩት አያት

አቶ ሀብተሥላሴ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚወስደውን ዳገት ሲወጡ አንጀታቸው አርሮ ነበር። የመጡት ከደላላ ዘንድ ነው። ደላላው የሞግዚት ደመወዝ ስንት እንደ ደረሰ ሲነግራቸው፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እርሳቸው ራሳቸው ይህን ያህል ተከፍሏቸው እንደማያውቅ ትዝ አላቸውና አመስግነው ብቻ ወጡ። የልጃቸው የጽዮን የወሊድ ፈቃድም፣ በላዩ ላይ የጨመረችው የዓመት ዕረፍትም ሰኞ ያልቃል። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው የኢንሹራንስ ቢሮ ወይ ሥራዋ ላይ ትገኛለች፣ ወይ ሥራውን ትለቃለች። የአምስት ወሩን ዘርዓብሩክን የሚይዝላት ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳሉ ነው አንድ ጎልማሳ ሕፃን አዝሎ ቁልቁል ሲወርድ ያዩት። አዝሎ ሲባል አቅፎ ማለት አይደለም። በአንቀልባ፣ ልክ እናቶች እንደሚያዝሉት፣ ጀርባው ላይ ነው። ሸሚዙን በወጉ ቆልፎ፣ የተማሪ ደብተር የሞላ ቦርሳ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ለሚያውቀው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሊስትሮዎች እየተጠቃቀሱ ይሥቃሉ። አቶ ሀብተሥላሴ ለሰውየው አፈሩለት። ቀረብ ሲል ደግሞ እፍረታቸው ባሰ፤ ምክንያቱም ያውቁታል። በእርሳቸው ግቢ ተወልዶ ያደገው፣ አሁን የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር የሆነው እንድሪያስ ነበር።

እንድሪያስ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ?» ብሎ ጎንበስ ሲል የሕፃኗ ራስ በትከሻው በኩል ብቅ አለ። ሽማግሌው መልሱን ትተው ክንዱን ያዙና አጠገባቸው ወዳለ ኬክ ቤት ይዘውት ገቡ። ሊጋብዙት ብቻ አይደለም፤ ከመንገደኛ ዓይን ሊሰውሩት ነው። ከመስኮቱ የራቀ ጠረጴዛ መረጡ፣ ሁለት ማኪያቶ አዘዙ፣ አንቀልባው ተፈቶ ልጅቷ አባቷ ጭን ላይ እስክትቀመጥም ዘወር ብለው ቆዩ።

«ልጄ፣ ባለቤትህ ታመመች እንዴ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጌታ ይመስገን፣ ሰገን ደኅና ናት። የመድኃኒት ቤት ሥራዋ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት እኔ ሳስተምር ፀደንያን እርሷ ትይዛለች፤ ከምሳ በኋላ እኔ እረከባታለሁ።»

«ሰው መቅጠር አቃታችሁ? መምህር ነህ እኮ። ተማሪዎችህ እንዲህ ሆነህ ቢያዩህስ?»

«አይተውኛል ጋሼ። መጀመሪያ ሣቁ፣ ኋላ ለመዱት። ሰው ለመቅጠርም ሞክረን ነበር። የመጣችው ሴት የሚገባትን ደመወዝ ጠየቀች። ሕፃን መያዝ ቀላል ሥራ አይደለምና አልፈርድባትም። ግን የእርሷን ስንከፍል የሰገን ደመወዝ ተጠራርጎ ያልቃል። የሕፃናት ማቆያውማ ከቤት ኪራያችን በለጠ።»

ይህን ሲሰሙ የአቶ ሀብተሥላሴ ቁጣ በረደና የራሳቸውን ጭንቅ አወጡት። የጽዮን ባል ጎይቶም የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ አንዴ ከሄደ መመለሻው አይታወቅም። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ትልቋ ልጅ ጸሎት የምትማረው በግል ትምህርት ቤት ሲሆን ክፍያው ዘንድሮም ጨምሯል። ጽዮን ሥራዋን ከለቀቀች ጸሎት ከምትወዳት አስተማሪዋና ከጓደኞቿ መለየቷ ነው። ጽዮን ሥራዋን ከያዘች ደግሞ ደመወዟ ለሞግዚቷ ይሄዳል፤ ለትምህርት ቤቱ የሚተርፍ የለም። በየቤቱ ያለው ጣጣ ይኸው ነው። እናት ልጆቿን ለማሳደግ ሥራ ትወጣለች፤ ሥራ በመውጣቷ የሚመጣው ወጪ መልሶ ከሥራ ያስቀራታል።

ሽማግሌው ግን መላ የሚያልቅባቸው ሰው አልነበሩም። ልጁ እስኪያድግ እናቱ ቤት ትቀመጥ የሚለውን ሐሳብ አመጡ። እንድሪያስ በአክብሮት አዳመጣቸውና ጽዮን ሥራዋን ከለቀቀች በኋላ ወንበሯ ባዶውን እንደማይጠብቃት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስትመለስ ከታች እንደምትጀምር አስረዳቸው። እርሳቸውም ልጁ ለጎይቶም እናት አዲግራት ይላክ አሉ። የአምስት ወር ሕፃን ከእናቱ ጡት ተነጥቆ ሊላክ መሆኑን ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸው ሰሙትና እንድሪያስ ሳይመልስላቸው ተዉት።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» አሉ በመጨረሻ። «አንተን ማን እንዳሳደገህ ታውቃለህ? ግቢው ነው። እናትህ ገበያ ስትሄድ አንዷ ጎረቤት ታጎርስሃለች፣ ሌላዋ ታጥብሃለች። አሁን ሰው ተለወጠ።»

«ሰውስ አልተለወጠም ጋሼ። ሰፈሩ ነው የተበተነው። እነዚያ ጎረቤቶች አንዳቸው ከከተማው ዳር፣ ሌላዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ልጅ ይዛችሁልኝ ቆዩ ለማለት ሁለት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል።»

«አባይነሽ ብትኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ» አሉ ሽማግሌው። ባለቤታቸው ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

እንድሪያስ ማኪያቶውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «ቅር አይበልዎትና ልጠይቅዎት። እትዬ አባይነሽ ቢኖሩ ኖሮ ጽዮን ሞግዚት ትፈልግ ነበር?»

«ምን ቆርጧት! አባይነሽ ልጁን ከእጇ አታወርደውም ነበር።»

«አይደክማቸውም?»

«ይደክማታል እንጂ። ወገቧንም ያማት ነበር። ቢሆንም ትይዘዋለች።»

«እርስዎስ ጋሼ? እርስዎ አሉ እኮ።»

አቶ ሀብተሥላሴ ሊቆጡ ቃጣቸውና የራሳቸው ቤት ትዝ አላቸው። በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉም ሰው፣ እርሳቸውም ጭምር፣ እርሷ ብትኖር ሲል ከርሟል። የሞተችውን እናት ያስታወሰ ሁሉ የተቀመጠውን አባት ረስቷል። ደላላ ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር ተንከራተዋል፣ ምክር ሰጥተዋል፣ ጸልየዋል። የቀረው ጊዜያቸው ከጋዜጣ ጋር ተቀምጦ መዋል ነው። የራሳቸውን ሁለት እጆች ግን ከመፍትሔ አልቆጠሯቸውም። ነገሩ አሳዘናቸው፤ ትንሽም አሳፈራቸው።

«ይህ የሴት ወግ ነው» አሉ፣ የቀድሞው ጉልበት በሌለው ድምፅ።

«የሴት ብቻ የሆነው ማጥባቱ ነው። ሌላውን እጅ ያለው ሁሉ ይችለዋል። ይህን ደግሞ እንደ ባዮሎጂ መምህርነቴ ልንገርዎት» አለ እንድሪያስ ፈገግ ብሎ።

ሽማግሌው አልሣቁም። እውነተኛው መልሳቸው ገና አሁን መጣ። «እፈራለሁ፣ ልጄ። ቢታነቅብኝስ? ቢወድቅብኝስ? እስከ ዛሬ ያቀፍኩት ተቀምጬ፣ እናቱ አጠገቤ ሆና ነው።»

እዚህ ላይ መምህሩ ፈገግታውን ተወ። ብዙ ወንዶች ወግ እያሉ የሚጠሩት ነገር ሲገለጥ ፍርሃት ሆኖ እንደሚገኝ ያውቅ ነበር፤ በራሱ አይቶታልና። መጀመሪያ ሰሞን ፀደንያ ስታስነጥስ እንኳ ይርበተበት እንደነበር ነገራቸው። የሚፈራ ሰው ስለሚጠነቀቅ ለልጅ እንደማያሰጋ፣ የቀረውን ጽዮን በጥቂት ቀን እንደምታስተምራቸው፣ አንድ ነገር ከከበዳቸው ስልክ እንዳለ አጫወታቸው። ከዚያም ራሱ አንድ ሐሳብ ጨመረ። «ከሰዓት በኋላ ፀደንያን ይዤ እርስዎ ቤት እመጣለሁ። ሁለቱንም እኔ አያቸዋለሁ፤ እርስዎ ጋደም ይላሉ። እኔም ሰው አገኛለሁ። ብቻዬን ከልጅ ጋር ስውል የማወራው ሰው ይናፍቀኛል።»

ይህን ብሎ ጡጦዋን በሙቅ ውኃ ሊያስሞቅ ወደ ባንኮኒው ሲነሣ ፈቃዳቸውን ሳይጠይቅ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀመጣት። አቶ ሀብተሥላሴ ደርቀው ቀሩ። ፀደንያ ክራቫታቸውን ያዘችና ወደ አፏ ሰደደችው። ወደ ኋላ እንዳትወድቅ አንድ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አደረጉ፤ ማንም ሳያሳያቸው እጃቸው ቦታውን አገኘ። ክራቫቱን ለማስለቀቅ ልባቸው አልጨከነም።

ማታ ጽዮን ዘርዓብሩክን አስተኝታ ሳሎን ስትገባ አባቷ ቆመው ጠበቋት። ሰኞ ሥራዋን እንድትገባ፣ ልጁን እርሳቸው እንደሚይዙ ነገሯት። ጽዮን የቀለዱ መስሏት ሣቀች። ፊታቸውን ስታይ ግን ሣቋን ገታች።

«አባባ፣ ሰው ምን ይላል? አባቷን በስተርጅና ሞግዚት አደረገችው አይሉኝም?»

ቀን እርሳቸው የተናገሩት ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት ግን ክብደት አጣባቸው። «ይበሉ። የጸሎትን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍሉልሽ እነርሱ አይደሉም» አሉ። ቀጥለውም «ቆይ፣ ለምን እኔን ሳትጠይቂኝ ቀረሽ?» አሏት።

«አልታሰበኝም» አለች ጽዮን፣ እንባዋ እየቀደማት።

«እኔም አልታሰበኝም ነበር» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ሆነ። ዳይፐር ማሰር፣ ጽዮን አልባ የምታስቀምጠውን ወተት በጡጦ ማጥባት፣ ከጠባ በኋላ ማስገሳት፣ ትኩሳት ማየት፣ ሁሉንም የመዝገብ ቤት ሰው በመሆናቸው በተራ በተራ ለመዱት። ሰኞ ጽዮን ከደጅ እየተመለሰች አስቸገረች፤ በመጨረሻ አባቷ በሩን ዘጉባት። ልጁ ያን ጠዋት ብዙ አለቀሰ። እርሳቸውም ተስፋ ሊቆርጡ ደርሰው ነበር። ከምሳ በኋላ እንድሪያስ ሲመጣ ሁለቱም፣ አያትም የልጅ ልጅም፣ ላብ በላብ ሆነው አገኛቸው።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል። ጽዮን ሥራዋ ላይ ናት፤ ጸሎት ከጓደኞቿ ጋር ሦስተኛ ክፍል ተቀምጣለች። ዘርዓብሩክ ከወዳጅ ዘመድ እጅ ሳይወጣ መዳህ ጀምሯል። አያቱን ወገባቸውን ያማቸዋል፣ አንዳንድ ቀንም ይማረራሉ፤ ነገር ግን ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ጠፍቶ የነበረው እንቅልፋቸው ተመልሷል። ይህ ሲባል በየቤቱ አያት አለ ማለት አይደለም። ሠራተኞቻቸው እናትና አባት መሆናቸውን እያወቁ አንዲት የሕፃናት ክፍል ለመክፈት ቦታ የሚያጡ መሥሪያ ቤቶችም በአቶ ሀብተሥላሴ ወገብ ተከልለው ከተጠያቂነት አያመልጡም። ቢሆንም ሌላው እስኪያስብልን ድረስ እቤታችን ያለውን ሰው በሙሉ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ መቁጠር ይገባናል። ሳንቆጥራቸው የቀሩ ስንት ጤነኛ እጆች በየሳሎኑ ተጣጥፈው እንደተቀመጡ የሚያውቅ የለም።

በቀደም ዕለት አቶ ተስፋልደት የተባሉ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ሊጠይቋቸው መጡ። አቶ ሀብተሥላሴ ዘርዓብሩክን አዝለው በሩን ሲከፍቱላቸው እንግዳው ደንግጠው ሥራ ፈታህ እንዴ ብለው ቀለዱባቸው። አቶ ሀብተሥላሴ ቀልዱን አለፉትና የእንግዳው ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ እንዴት እንደሆነች ጠየቁ።

«ምን ትሆናለች» አሉ አቶ ተስፋልደት ሣቃቸውን ትተው። «ሰው ጠፋ። ሥራዋን ልትለቅ ነው። እናቷም ከታመመች ወዲህ የሚይዝላት የለም።»

አቶ ሀብተሥላሴ ባልንጀራቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። ገና ጠንካራ ሰው ናቸው።

«ግባ» አሉና በሩን በሰፊው ከፈቱ። «መጀመሪያ ግን እጅህን ታጠብ።»