ከፊት ረድፍ የተነሡት ወይዘሮ ሬጉላ

ወይዘሮ ሬጉላ ኩንደርት ከአባታቸው ከአቶ ሃይንሪኽ ኩንደርትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልስቤት ጾፕፊ በ1832 ዓ.ም. በዚችው በሪዴንባኽ መንደር ተወለዱ።

አባታቸው በጨርቅ ማተሚያው ቤት በእንጨት ማኅተም አበባ የሚያትሙ ባለሙያ ነበሩ። ማኅተሙ በተነሣ ቁጥር ቀለም የሚያለብስ ልጅ ያስፈልጋቸው ስለ ነበር፣ ሬጉላ ገና በሰባት ዓመታቸው ከአባታቸው ጎን ቆመው ከንጋት እስከ ምሽት ቀለም ሲያለብሱ አደጉ፤ ፊደልም የቆጠሩት ከሥራ በተረፈችው ጥቂት ሰዓት ነው። ቀዩ ቀለም ከጣቶቻቸው በሳሙናም ባመድም አልለቀቀም።

በግንቦት ወር ወንዶቻችን በአደባባይ ክብ ሠርተው እጅ በማንሣት ሕግ ሲያወጡ፣ ልጆች ከፊት፣ ጉባኤውን ከሚመራው ሹም እግር ሥር ይቀመጣሉ፤ ሴቶች በዙሪያው ካለው አጥር ውጭ ይቆማሉ። ሬጉላ እዚያ ተቀምጠው የሰሙትን በማግስቱ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ እያስመሰሉ ለቀለም ቤቱ ልጆች ሲተርኩ፣ አባታቸው «አንቺ ልጅ፣ አፍሽስ ይሠራል፣ እጅሽ የት ሄደ?» እያሉ ይቆጧቸው፣ ፊታቸውን አዙረውም ይስቁ ነበር። በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው ግን አስተናባሪው «ኧረ ሬጉላ! ለባል የደረሰች ልጅ ከሕፃናት ጋር ምን ትሠራለች? በይ ተነሺ!» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት አስነሣቸው። «ደራሲ የሆንኩት ከፊት ረድፍ እስከ አጥሩ ስሄድ ነው» ይሉ ነበር።

በ1855 ዓ.ም. ከመምህር ሜልኪዮር ኤልመር ጋር በሕግ ተጋብተው ልጃቸውን ማቲያስን ወለዱ። ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሄዱ በባለቤታቸው ባዶ የመማሪያ ክፍል፣ በትንሿ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይጽፉ ነበር፤ የጻፉትንም በማግስቱ ለልጆቹ አንብበው፣ አንድ ልጅ ካዛጋበት ያንን ገጽ ያለ ርኅራኄ ይሰርዙት ነበር። እንዲህ ተጣርተው የወጡ ዘጠኝ መጻሕፍት፣ ስማቸው ሳይታተምባቸው፣ እኛ እግራችን ባልረገጠው አገር ሁሉ ልጆችን ሲያስቁና ሲያስለቅሱ ማየት እስከ ዛሬ ያስደንቀናል።

ሦስተኛው መጽሐፋቸው ስለ አንዲት ቀለም አልባሽ ልጅ ነበር። መንደሩ ራሱንም ጸሐፊዋንም አወቀ፤ ሰላምታም ነፈጋቸው። ከሁሉ የከፋው ታናሽ ወንድማቸው ካስፓር ነበር፤ እርሱም እንደ አባቱ ጨርቅ አታሚ ስለ ነበረ፣ የገዛ ልጁም ባርባራ ቀለም ታለብስለት ስለ ነበር፣ እኅቱ ያዋረደችው መስሎት ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን ዘጋባቸው። አንድ እሑድ ግን ባርባራ መጽሐፉን ደብቃ አምጥታ ታነብለት ጀመር፤ መካከል ላይ ዝም ስትል «ምነው አቆምሽ?» ቢላት፣ «አባዬ፣ ይቺ እኮ እኔ ነኝ» አለችው። ገጹን የያዙት ጣቶቿ ቀይ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ልጆች ከጨርቅ ማተሚያ ቤት እንዲወጡ የሚያዝ ሕግ ለጉባኤው ቀረበ። ባርባራ ከፊት ተቀምጣለች፤ ሬጉላ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። እጅ ተነሣ፣ ሕጉም ጸደቀ፤ ነገር ግን ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የማን እጅ እንደ ተነሣ ማየት አይቻልም። ካስፓር ኋላ ከእኅቱ ቢታረቅም፣ እጁን አንሥቶ እንደ ነበር እርሳቸው አልጠየቁትም፣ እርሱም ከኩራቱ የተነሣ አልነገራቸውም።

ወይዘሮ ሬጉላ በሳንባ ሕመም ሦስት ሳምንት ተኝተው፣ ባለፈው ሐሙስ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ልጃቸው ማቲያስ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ዛሬ የመንደራችን መምህርት የሆነችው ባርባራና ይህን የማነብላችሁ እኔ፣ ወንድማቸው ካስፓር፣ በሐዘን ቀርተናል።

እታለም፣ የዚያን ቀን እጄን አንሥቼ ነበር። መጀመሪያ ከተነሡት አንዱ የእኔ ነበር።

እግዚአብሔር ነፍስሽን ተቀብሎ ከፊት ረድፍ፣ ከእግሩ ሥር ያስቀምጥልን፤ እዚያ አድገሻል ብሎ የሚያስነሣሽ የለም።