ለሀያ የሚስማማ እህል

«እህት ዓለም፣ ይቺ ልጅ ከትናንት ጀምሮ ምን ምን በላች?»

ራዚያ ይህን ጥያቄ ያን ጊዜ መመለስ አልቻለችም። ሐይቅ ገበያ መካከል ተንበርክካ የአምስት ዓመት ልጇን የሀያን ግንባር ደግፋ ይዛለች። ልጅቱ አሁን የተገዛላትን የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ አስመልሳው አፏን በእናቷ ሻሽ ትጠርጋለች። ሆዷ ተነፍቷል፤ እጅና እግሯ ግን ቆዳና አጥንት ነው። ጦርነቱ ከአምባሰል አባሯቸው ሐይቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሰፈሩ ወዲህ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ቂጣ፣ አንዱ ብስኩት ይሰጣታል። ተፈናቃይ መሀል «ምን በላሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው «በላሽ ወይ?» ነው።

ጠያቂዋ ኑርሀያት ትባላለች። አስረኛ ክፍል ጨርሳ፣ ጅዳ ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ወጣት ናት፤ አሁን ቅቅል ድንችና ሽምብራ ትሸጣለች።

«እኔ ያሳደግኋት የማዳሜ ልጅ ልክ እንዲህ ነበረች» አለች ውሃ እያቀበለቻት። «ሐኪሞቹ ስንዴና ገብስ ከለከሏት። ሊጡን እንደ ሙጫ የሚያያይዝ ነገር አለባቸው፤ የአንዳንድ ሰው አንጀት እሱን አይቀበልም፣ ይቆስላል። የቆሰለ አንጀት ደግሞ ወተትም አይችልም። ስንዴውን ከተወች በሦስት ወሯ ጉንጭ አወጣች፣ ወላሂ!»

«ለእኛ የሚሰፈርልን ስንዴ ነው፤ እሱን ከከለከልኳት ምን ላብላት?»

«ገበያው ይኸውልሽ! ጤፍ አለ፣ ማሽላ አለ፣ ሽምብራ፣ ድንች፣ ጎመን። የተሰፈረልሽን ስንዴ በጤፍና በማሽላ ለውጪ። ሽሮ ተፈጭቶ ያለቀውን እንዳትገዢ፤ የስንዴ ዱቄት የሚቀላቅልበት አይጠፋም። ረቡዕና አርብ ደግሞ እዚያ ማዶ ወጥ የምትሸጠው ሙሉአለም ዳስ ሂጂ። ወጧ የጾም ነው፣ ቅቤ አይነካውም። ሰላም ሲሆን ሐኪም ይያት። እስከዚያው... መጻፍ ትችያለሽ?»

ራዚያ አፈረች። «የጎልማሶች ትምህርት ጀምሬ ነበር። ቃል መጻፍ ስለምድ ነው ተኩሱ የመጣው።»

«ይበቃል። የበላችውን ጻፊ፤ ከዚያ የሆነችውን ጻፊ። ሁለተኛ ስትጠየቂ አላውቅም አትበይ።»

ብዙ እናት ልጇን ታጎርሳለች እንጂ ያጎረሰችው ምን እንዳደረገ አትከታተልም። ይህ የፍቅር ማነስ አይደለም፤ የልማድ ብርታት ነው። ራዚያም ያን ቀን ደብተር ገዝታ ወደ ሰፈሩባት ክፍል ስትመለስ ልማድ ራሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። አማቷ እመት ስህን ነበሩ። ልጃቸው ሀሚዱ፣ የራዚያ ባል፣ ሳዑዲ ነው፤ ስልኩ ከተቋረጠ ሁለት ወር ሆኖታል። ሦስቱ ሴቶች ከርስ በርሳቸው በቀር ሰው የላቸውም።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ነገሩን ሲሰሙ። «ሰው ዳቦ አጥቶ በሚሞትበት ዘመን ከዳቦ ጋር የተጣላ ልጅ?»

«እማ፣ እሷስ አልተጣላችም። ዳቦው ነው የተጣላት።»

«ዓይን ነው! መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ ‹ሲያምር ፀጉሯ› ስትል ሰምቻታለሁ። ዱዓ ይደረግላት፣ በገብስ ገንፎም ትጠገን።»

«ዱዓው ይደረግላት። ገንፎው ግን ይቅርባት፣ አፈር ስሆንልዎ።»

«ደግሞ የጾም ወጥ! የራሳችን ረመዳን አነሰንና የነሙሉአለምን ሁዳዴ ልንጨምርበት ነው?»

ክፍሉ ውስጥ የሰፈሩት ሁሉ ሳቁ። ራዚያም ሳቀች። «ሙሉአለም እንኳ አሁን ዳሷ ጎራ ስል ‹የናንተን ልጅ ሳበላ አጅሩ ለእኔም ይጻፋል ወይ?› ብላኛለች።»

«ይጻፍላት» አሉ እመት ስህን ፊታቸውን አዙረው። «እኔ ግን አላምንም።»

ሳምንቱን ሙሉ ራዚያ የጤፍ እንጀራና ራሷ ለቅማ ያስፈጨችውን የሽምብራ ሽሮ አበላቻት። ልጅቱ ግን አልዳነችም። «አላልኩሽም?» አሉ እመት ስህን። ራዚያ ደብተሯን ይዛ ወደ ኑርሀያት ሮጠች፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠራች አነበበችላት።

«እርሾውን ከየት አመጣሽው?» አለች ኑርሀያት።

«ጎረቤቴ ናት የሰጠችኝ።»

«ሊጧ የምንድን ነው?»

«የስንዴና የጤፍ ቅይጥ» አለች ራዚያ።

«ወፍጮ ቤትስ ከማን ቀጥለሽ አስፈጨሽ?»

«ስንዴ ካስፈጨ ሰውዬ።»

«አየሽ? ስንዴውን በበር አስወጥተሽ በመስኮት አስገባሽው። እርሾሽን ከራስሽ ጤፍ አብጂ። ወፍጮ ቤት ደግሞ መጀመሪያ ጥቂት ማሽላ አስፈጪና ድንጋዩን አጽጂ፤ ያ ዱቄት ለትልቅ ሰው ይሁን።»

እርሾ መለመን ነውር የለውም፤ የሰጡሽን አልቀበልም ማለት ግን ጎረቤት ያስቀይማል። ራዚያ ይህን ፈርታ ነበር። አሁን ግን ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳ ነገሩን በግልጽ አስረዳቻት፤ ሴትዮዋም «ውይ በሞትኩት! ብትነግሪኝ ምን ነበረ?» አለቻት እንጂ አልተቀየመችም። የሚያስቀይመው ደብቆ መተው ነው፤ ምክንያቱን ለነገሩት ሰው ይገባዋል።

ከዚያ ወዲህ የሀያ ሆድ መጉደል ጀመረ። አንዳንድ ቀን ግን እንደገና ትታመማለች። ራዚያ ግራ ገብቷት አንድ ከሰዓት አማቷ አጠገብ ተቀምጣ ደብተሩን ጮክ ብላ አነበበች።

«እሑድ። ጤፍ፣ ድንች። ደህና ዋለች። ሰኞ። ማሽላ፣ ጎመን። ተጫወተች። ማክሰኞ። ጤፍ፣ ሽሮ። አስመለሳት። ረቡዕ። የጾም ምስር ወጥ፣ ጤፍ። እንደ ተኛች ዋለች። ሐሙስ። ድንች። ደህና። ዓርብ። ጤፍ፣ ሽምብራ። ደህና። ቅዳሜ። ጤፍ፣ ሽሮ። አስመለሳት...»

«ተይው» አሉ እመት ስህን።

«እማ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ምን እንደነካት ነው ያልገባኝ።»

«ተይው አልኩሽ! እኔ ነኝ። ማክሰኞም ቅዳሜም ገበያ ስትሄጂ ቂጣ በሻይ አርሼ አጎረስኳት።»

«ለምን? እየነገርኩዎት?»

አሮጊቷ ደብተሩን ከእጇ ወሰዱ። «ከሀሚዱ በላይ ኡበይድ የሚባል ልጅ ነበረኝ። ታውቂያለሽ፣ ሞቷል። እንዴት እንደሞተ ግን አልነገርኩሽም። ሆዱ እንዲህ ተነፋ፤ እግሩ እንዲህ ቀጠነ። ያስመልሰዋል፤ እኔ ደግሞ የገብስ ገንፎ አገነፋለሁ። ‹እማ፣ ይበቃኛል› ይለኛል፤ ‹ጉረስ፣ ትበረታለህ› እለዋለሁ። እስከ መጨረሻዋ ቀን አጎረስኩት። አሁን ያንቺ ነገር እውነት ከሆነ ኡበይድን ማን ገደለው?»

ራዚያ እጃቸውን ያዘች። «የሚያውቅ ሰው ስላልነገርዎት ነው እንጂ፣ አንቱስ በፍቅር ነው ያጎረሱት።»

«ፍቅርስ አላዳነውም፣ ልጄ» አሉ። «እንኪ፣ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ማክሰኞ፣ ቂጣ፣ የሰጠችው ስህን። ቅዳሜም እንደዚያው።»

እንዲህ ነው እመት ስህን ያመኑት። ካመኑ በኋላ ከራዚያ ብሰው ዘብ ሆኑ፤ ብስኩት ይዞ ለሚመጣ ሁሉ «ለዚች ልጅ ድንች አምጡ፣ ካልሆነ በዱዓ አግዙ!» ይሉ ጀመር። በሦስት ሳምንት የሀያ ሆድ ጎደለ፤ «ጨምሩልኝ» ማለትም ለመደች። የስንዴ ጠንቅ ለሌለበት ስንዴ ሲሳይ ነው፤ ለማይስማማው ግን ከገዛ ገበያችን ጤፍ፣ ማሽላና ሽምብራ አይጠፋም። እናት ልጇ ምን እንደበላች ካወቀች፣ ምን እንደጎዳትም ታውቃለች። የባዕድ አገር ዱቄት አላስፈለጋትም፤ ያስፈለጋት መጠየቅ፣ መጻፍና መለየት ነው።

ጥቅምት ሲጋመስ የመድፉ ድምፅ በውጫሌ በኩል ቀረበ። ሐይቅ ከተማ ወደ ደሴ መሸሽ ጀመረች። ራዚያ በመከራ ባገኙት አይሱዙ ላይ እመት ስህንን አስወጥታ፣ ሀያን አስታቅፋቸው፣ የጤፏን ጆንያ ልታነሳ ስትል ሾፌሩ ጮኸ።

«ሰው ብቻ! ጆንያ አልጭንም!»

«የሕፃን ምግብ ነው፣ አፈር ስሆንልህ።»

«ጆንያ የሰው ቦታ ይይዛል አልኩሽ!»

እመት ስህን ሀያን ለእናቷ አቀበሉና የመኪናውን ጎን ይዘው ወረዱ። «በል፣ በእኔ ቦታ ጤፉን ጫነው» አሉት።

«እማ! ምን ማለትዎ ነው? ይውጡ!»

«እኔ ስንዴ ይስማማኛል፣ የትም አገኛለሁ። ገበያውን እስክትለምጂ ድረስ ደሴ ላይ ይቺ ምን ትበላለች? ዳቦ ነው የሚሰጧት። ሂጂ። ዳግመኛ ልጅ አላጎርስም ለሞት።»

ራዚያን ከነልጇ ገፍተው መኪናው ላይ አወጧት፤ ሾፌሩም ጆንያውን ተቀብሎ አስቀመጠው። ሞተሩ ተነሳ።

ያን ቀን ራዚያና ሀያ ሄዱ። ኑርሀያት ማታውን በእግሯ ወደ ኮምቦልቻ ወጣች። ሙሉአለም አልሄደችም። እመት ስህንም ሐይቅ ቀሩ።