አያ ሞላን ያስፈነደቀው ቫይረስ

ታላቅ ወንድሜን አያ ሞላን ከድብ ባሕር ወደ ጎንደር ሆስፒታል ይዤው የመጣሁት፣ ምላሱ ሥር የወጣው ቁስል አልድን ብሎት ነው። ናሙናው ተመርምሮ ካንሰር ነው ሲባል የእኔ እንባ ቀደመ፤ እሱን ያንገበገበው ግን ሌላ ነው። «እንግዲህ አገሩ ሁሉ ‹በድብቅ ያጨስ ነበር› ሊለኝ ነው!» አለ። ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ አረቄም አይቀምስም።

ወጣቷ ሐኪም ለዘብ ብላ፣ «አያ ሞላ፣ የእርስዎ ከሲጋራ የመጣ አይመስለኝም። ናሙናው ላይ አንድ ቫይረስ ተገኝቷል፤ መንስኤው እሱ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሕክምና እሺ ይላል» አለችው። አያ ሞላ ከወንበሩ ብድግ! «ሰማህ ወይ ጌትነት? ሰማህ?» እያለ ትከሻዬን ይወዘውዘኛል።

«ምነው፣ ይኸ ቫይረስ ክትባት የለውም?» አልኳት።

«አለው እንጂ! ለሴቶች ልጆች በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት የሚከላከለው ይህንኑ ቫይረስ ነው።»

አያ ሞላ ክው አለ። «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ሰምቶ ልጁን ከክትባቱ ያስቀራት ራሱ ነው! ስልኬን ከእጄ ነጥቆ ሚስቱ ጋ ደወለ። ሕመሙን ረስቶት ኮሪደሩ እስኪናወጥ ጮኸ፦ «አንቺ ሙሉ! ክትባቱ ሸጋ ነው አሉ! ልጅቷን አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት!»

ሕክምናውን ጨርሶ ዛሬ ደኅና ነው። ክትባት በመጣ ቁጥር ከጤና ኤክስቴንሽኗ ቀድሞ ቤት ለቤት ይዞራል። የሚያንገራግር አባት ሲያጋጥመው አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ «እስቲ ቀርበህ እይ!» ይለዋል።