የጋሽ በቀለ ፋይል

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ስሠራ፣ ጓድ ኃላፊያችን የከተማው ጡረተኞች በምን እንደሚተዳደሩ አጥንተህ አቅርብ አለኝ። መዝገብ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ፣ “ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚያውቁት ጋሽ በቀለ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጡረታ ወጥተው ቆቃ ገብተዋል” አለችኝ። ቆቃ ድረስ ሄጄ ሐይቁ ዳር የዓሣ መረብ ሲጠግኑ አገኘኋቸው።

“ከበሩ በስተግራ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው” አሉኝ። “የኔም እዚያው አለ። ጠፍቷል ብለው ጡረታዬን ከከለከሉኝ ዓመት አለፈ።”

“ታዲያ ገብተው ለምን አያሳዩአቸውም?”

“ሠራተኛ ያልሆነ አይገባም ይሉኛል፣ ልጄ።”

በማግስቱ ፋይላቸውን ካሉት ቦታ አውጥቼ ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችና መለሰችልኝ።

“ጠፍቷል ብለን ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፈናል። አሁን ተገኘ ብንል ማን ሊጠየቅ ነው?”

እኔም ጥናቴ ላይ፣ ጡረተኞች በዓሣ ማጥመድ ይተዳደራሉ ብዬ ጻፍኩ። ጓድ ኃላፊው በመረጃው ጥራት በጣም ተደሰተ።