ወገቧን ነው የተባለችው ብዙነሽ

ብዙነሽ ያን ቅዳሜ ማልዳ ወደ ላውንደሪ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው፣ የወረደችው ሰው እንዳያያት ብላ ነበር። ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለው አፓርትመንታቸው ምድር ቤት በዚያ ሰዓት ባዶ ነው። የውስጥ ልብሷን ለብቻው ማሽን ውስጥ ከታ፣ ከአዲስ አበባ የተላከላትን ጀርም መግደያ ስታንቆረቁርበት በሩ ተከፈተና የጎረቤቷ የወርቂቱ ልጅ ሜቲ ገባች። «ኤዲያ! ዛሬ ደግሞ ይቺ!» አለች ብዙነሽ በልቧ። ሜቲ ነርሲንግ ትማራለች፤ ያየችውን አይታ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም።

«ደህና አደሩ እትዬ? አረፍ ብለው አይጠብቁም?»

«መቀመጥ አልችልም። ወገቤን ነው።»

«ወገብ ለሚያመው ሰው ጀርም መግደያ ምን ያደርግለታል?»

ብዙነሽ ጠርሙሱን ከኋላዋ ደበቀች። ምን ዓይነት ጣጣ ነው! መጀመሪያ ፈንገስ ያዛት፤ በመድኃኒት ዳነ፣ ተመልሶ መጣ፣ እንደገና ዳነ። ማቃጠሉ ግን አልሄደም። ስትቀመጥ እሳት፣ ሱሪ ስትለብስ እሳት፤ ወገቧም አብሮ ቀስፎ ይይዛታል። ከባሏ ከቦጋለ ጋር መተኛትማ ቀረ። እሱም አኩርፎ ሶፋ ላይ ማደር ከጀመረ ሰነበተ። ትዳሯ ዓይኗ እያየ እየፈረሰ ነው፣ እሷ ግን ለምን እንደምትሸሸው አልነገረችውም።

ሜቲ ግን ስትወተውታት ፈንገሱንም ማቃጠሉንም አስለፈለፈቻት። «ሐኪም ምን አለዎት?» አለች።

«ለሐኪም ወገቤን ነው ያልኩት። ምን ልበል ታዲያ? አስተርጓሚው እኮ አቶ ምንዳዬ ነው፣ የማኅበራችን ሰብሳቢ! እሱ ፊት የዚያን ቦታ ስም ልጥራ? ሞቼ እገኛለሁ!»

«እና ምን አደረጉልዎት?»

«ወገቤን ኤክስሬይ አነሱኝ። ደህና ነሽ አሉኝ።»

«ያልተነገራቸውን ከየት ያምጡት!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ሙቅ ውሃ በጨው እዘፈዘፋለሁ፣ በዚህ ጀርም መግደያ እታጠባለሁ። እናቴም እንዲህ ነው ያስተማረችን።»

«ሲታጠቡበት አያቃጥልዎትም?»

«ያቃጥላል እንጂ! መድኃኒት ሲሠራ አያቃጥልም እንዴ?»

ሜቲ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ፣ እትዬ! እየሠራ እኮ አይደለም፣ እየላጠዎት ነው! ይኸውልዎ፤ አንዳንዴ ኢንፌክሽኑ ይጠፋና የነርቩ ህመም ይቀራል። ሰውነት ህመም ሲፈራ ደግሞ ከታች ያለው የዳሌ ጡንቻ ይጨማደዳል፤ ወገብንም ሊያሳምም ይችላል። የእርስዎ ይሄ ይሁን ሌላ፣ ሳይታዩ አይታወቅም።»

«ጀርም ካልተገኘ አብደሻል ነው የሚሉኝ!»

«ጀርም ባይኖርም ህመሙ የእውነት ነው፤ ሕክምናም አለው። አስተርጓሚ ደግሞ ሴት ትሁንልኝ ማለት ይችላሉ። ሌላ ስቴት ሆና በስልክ የምታስተረጉም፣ እርስዎን የማታውቅ።»

የማታውቀኝ? ብዙነሽ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ዛሬ መስማቷ አናደዳት። ይህን ሁሉ ዓመት ሚኒሶታ ኖራ አንድ ሰው አይነግራትም?

«ቦጋለ ቢሰማስ ምን ይለኛል?»

«አሁንስ ጋሼ ቦጋለ ምን እያሉዎት ነው?»

ብዙነሽ ስልኳን አወጣች። አፖይንትመንቱን፣ የሐኪም ቀጠሮውን፣ እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆመው አስያዙ።

ክሊኒኩ ውስጥ ሂሩት የምትባል አስተርጓሚ በስልክ ስትሰማ፣ ብዙነሽ ዓይኗን ጨፍና «ብልቴን ያቃጥለኛል» አለች። ሰማይ አልተደፋባትም። ሐኪሟ የሚያምበትን ቦታ በጥጥ ጫፍ ነካ ስታደርግላት ዘላ ልትነሳ ምንም አልቀራት። ሐኪሟም ጀርም መግደያውን፣ ጨውን፣ ሳሙናውን ሁሉ አስቆመቻት፤ ለብ ያለ ውሃ ብቻ አለቻት። የሚያደነዝዝ ቅባት አዘዘችላት፣ የዳሌ ጡንቻ ወደሚያፍታታ ፊዚዮቴራፒም ላከቻት። በአንድ ጊዜ አልዳነችም፤ አንዳንድ ሳምንት ብሶባት አልቅሳለች። እያደር ግን እንደ ሰው ቁጭ ብላ ምሳዋን መብላት ቻለች፣ ወገቧም ላላላት። እናንተም እህቶች፣ ሐኪም ፊት ቀርባችሁ የሚያማችሁን ቦታ በስሙ ጥሩት። በይሉኝታ የዳነ ሰው የለም!

ለቦጋለ የነገረችው ከክሊኒክ በተመለሰችበት ቀን ማምሻውን ነበር። ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ፊቱ ቆመች።

«ብልቴን አሞኝ ነው የምሸሽህ። አንተን ጠልቼ አይደለም።»

ቦጋለ ከሶፋው ተነሳ። «ሌላ ሰው የያዝሽ መስሎኝ እኮ ልንፋታ ነው ብዬ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ» አለ። «አንቺ ሴትዮ! ይቺን ለመናገር ነው ዓመት የፈጀብሽ?»

«አንተስ ‹ምን ሆነሻል› ብለህ ለመጠየቅ ዓመት አልበቃህም?» አለችው።