ሳያርፍ የሚቆጠር ቡጢ

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ጥርስ ክሊኒኬ ደረጃውን ስወጣ፣ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው የደገፉ ሰው ከፊቴ ሲያዘግሙ አየሁ። የስፖርት ቦርሳ ያነገተች ረጅም ልጅ ትከተላቸዋለች። ዞር ሲሉ ጋሼ ፍሬን ሆነው አገኘኋቸው።

ጋሼ ፍሬን መኪና መንዳት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ተማሪዎቻቸው ይህን ስም ያወጡላቸው፣ «ፍሬን! ፍሬን!» የሚለው ጩኸታቸው ከመንገዱ ማዶ ስለሚሰማ ነው። እኔንም በጊዜው ላቤን አንጠፍጥፈውታል። ዛሬ ጥርሳቸው እጄ ላይ ሲወድቅ ደስ አላለኝም ብል ውሸቴን ነው።

«ዶክተር፣ እግዜር ነው ያገናኘን» አሉኝ። «ይቺ ልጄ ካራቴ ትጫወታለች። ለብሔራዊ ቡድን ተመርጫለሁ፣ ሰኞ ካምፕ እገባለሁ ትላለች። እኔ ደግሞ አይሆንም ብያለሁ። ጥርሷ ረግፎ ትቅር እንዴ? የጥርስ ሐኪም ጉዳት የለውም ካለ ትሂድ፣ አለው ካለ ነገሩ እዚሁ ያብቃ ተባብለናል። እንግዲህ እውነቱን ተናገር!»

ልጅቱ ፈገግ ብትልም የቦርሳዋን ማንገቻ ጨምድዳ ይዛለች። ስንት ዓመት የለፋችበት ነገር በእኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሏልና አልፈረድኩባትም።

መጀመሪያ እሷን አየኋት። ጥርሷ አንድም እንከን የለበትም። ቀጥሎ አባትየውን አስቀመጥኩ። የፊት ጥርሳቸው ሁለቱ ተሸርፈዋል።

«ጋሼ፣ እነዚህስ በምን ተሰበሩ?»

«የለስላሳ ቆርኪ ስከፍት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሁለቱም?»

«አንደኛው ሲሰበር በሌላኛው ሞከርኩ።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አፋቸውን እንደከፈቱ ስለ ስፖርት ጥቅም ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። አንባቢ ሆይ፣ መልስ መስጠት ከማይችል ሰው ጋር መከራከርን የመሰለ ምቾት የለም። ነገር ግን ፍትሕ አይደለምና መሣሪያዬን ከአፋቸው አውጥቼ የመናገር ዕድል ሰጠኋቸው።

«እሺ፣ ጥርሱ ይቅር» አሉ አፋቸውን ጠርገው። «ጠባይዋስ? እኔ ከልጅነቴ እጄ ፈጣን ነበር፤ ያተረፍኩት ጠላት ብቻ ነው። ዛሬም ጥሩምባ ከነፋብኝ ሁሉ ጋር ከመኪና ወርጄ ስጨቃጨቅ ነው የምውለው። ለእኔ ያልበጀ ነገር ለልጄ ይበጃል?»

«አባባ፣ እኛ ዘንድ ተጋጣሚዋን ፊቷ ላይ አጥብቃ የመታች ነጥብ አታገኝም፤ ትቀጣለች» አለች ልጅቱ በትሕትና። «ብትደጋግመው ከውድድሩ ትባረራለች። ነጥቡ በሙሉ ኃይሏ ሰንዝራ ሊነካ ሲል ለምታቆመው ነው።»

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ! የማያርፍ ቡጢ ደግሞ ምን ቡጢ ነው?»

«ላሳይዎት። ዶክተር፣ ይፈቅዱልኛል?»

ምን እንደሆነ ሳይገባኝ «እንዴታ!» አልኩ። ቡጢዋ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ምንም አልነካኝም፤ እኔ ግን በገዛ እግሬ ተደነቃቅፌ ከነጋዋኔ መሬት ተዘረጋሁ። ጋሼ ፍሬን ጉንጫቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እሷ ይቅርታ እየጠየቀች አነሣችኝና ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ ለአዲስ ተማሪ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ምንድን ነው?»

«ማቆም ነዋ! ነዳጅ መርገጥማ የትኛውም ጅል ይረግጣል፤ ሰውን ሾፌር የሚያሰኘው...» ብለው ጀመሩና የልጃቸውን እጅ ተመለከቱ።

እኔም ብረት መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ብዬ ገባሁበት። «ጋሼ፣ እጇን መግታት የለመደች ልጅ ቁጣዋንም ትገታለች። ሰውነቷ ይጠነክራል፣ አገር ታያለች፣ መንገድ ላይ የሚተናኮላትም ቢኖር ቀና ብላ ታልፋለች። ጥርሷን ለእኔ ይተዉት፤ በልኳ መከላከያ እሠራላታለሁ።»

«የፈራሁት ጥርሱን አይመስለኝም» አሉ ጋሼ ፍሬን ቀስ ብለው። «ልጄ ስትመታ ማየት አልችልም። አንድ ሰው ቢነካት ዘልዬ እገባለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።» ከዚያ ተነፈሱና «በይ፣ ሰኞ እኔው አደርስሻለሁ» አሏት። ልጅቱ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጅቱ የደረሰችበትን የፍጻሜ ውድድር ከጋሼ ጋር አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየን። የልጃቸው ተጋጣሚ በዕድሜ ታንሳታለች፤ ደንግጣለችም። ገና ከመጀመራቸው የልጅቱን ከንፈር መታቻትና ደም ታየ። ጋሼ ዘለው ተነሡ፤ እኔ የኮታቸውን ጫፍ ጨብጬ ያዝኩ። ዳኛው መቺዋን ቀጣት። ልጅቱ ደሟን ጠርጋ፣ እጅ ነሥታ፣ ግጥሚያውን ቀጠለች። አንድ ጊዜ እንኳ ብድር ለመመለስ አልሰነዘረችም፤ በጥራት ነጥብ እየነጠቀች አሸነፈች። መከላከያው ሥራውን ሠርቶ ጥርሷ ሙሉ ነበር።

አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ ጋሼ ፍሬን ከአጠገቤ የሉም። ደረጃውን እየዘለሉ ወደ ተሸናፊዋ ሲወርዱ አየሁና «ሊጣሉ ነው!» አልኩ። እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። ያቺ ልጅ ጥግ ላይ ፎጣ ተከናንባ ታለቅሳለች። ጋሼ እንደምንም ተንበርክከው የውሃ ጠርሙስ ያቀብሏታል።

«አይዞሽ ልጄ፣ ደንግጠሽ ነው» ይሏታል። «እጅን መግታት ጊዜ ይፈልጋል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ገና ዛሬ መጀመሬ ነው።»