ጓዛችንን ያየች ጎረቤት

ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን አቦቦ፣ የግድቡ ሐይቅ ዳር ወስደን ልናናፍሳቸው ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን ሚኒባስ ተከራየንና ጠዋት ጓዛችንን በረንዳ ላይ መደርደር ጀመርኩ፤ ምንጣፉን፣ ድስቱን፣ ጀሪካኑን፣ አጎበሩን። ጎረቤቴ ኛማል በአጥሩ በኩል ቆማ ስታየኝ ቆየችና ወደ ቤቷ ገባች። ስትመለስ ሕፃኗን ታቅፋለች፤ ትልልቆቹ ልጆቿ ጫማ አድርገዋል፤ ራሷ ላይ ትልቅ ጥቅል አለ።

«የሄኖክ እናት፣ ምን ሰምታችሁ ነው? ወዴት ነው የምንሸሸው?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ደነገጥኩ። ኛማል ከደቡብ ሱዳን ልጅ ይዛ ሸሽታ የመጣች ናት። ዓሣ በልተን፣ ልጆቹ ተጫውተው፣ አንድ ሌሊት አድረን እንደምንመለስ ነገርኳት። ጥያቄዋ ግን አላልቅ አለ።

«እዚያ ዘመድ አላችሁ?»

«የለንም።»

«የታመመ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ማን አስወጣችሁ?»

«ማንም። ደስ ስላለን ነው።»

ይቺን ስትሰማ ጥቅሏን አውርዳ ተቀመጠችበትና ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

«ደስ ብሎት ጓዝ የሚጠቀልል ሰው አይቼ አላውቅም» አለች። «እንዴት እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። እኔ እንደሆነ አንዴ ጠቅልያለሁ፤ መኪናው ቦታ አለው?»

ባለቤቴ የሚኒባሱን ሹፌር አነጋገረውና ተጠጋግተን ልንሄድ ሆነ። ሁላችንም ተሳፍረን ኛማል ብቻ ከበሯ አልንቀሳቀስ አለች። ቆለፈችው፤ ገፋ አድርጋ ሞከረችው፤ ደግማ ገፋችው። ከዚያ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አስራ አጠገቤ ተቀመጠችና፣

«ጓዝ ይዤ ከቤት ስወጣ» አለችኝ፣ «በር ስቆልፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»